ከጉንፋን በኋላ የልብ ጡንቻ ጉዳትን በደም ምርመራ መለየት፦ ደብዛዛዋን መስመር እንዴት እናንብባት?

ጥያቄ፦ ዘመንዝ (የላቦራቶሪ ባለሙያ)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። በመንዝ በሚገኝ አንድ አነስተኛ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ። ጥያቄዬ የተነሣው ባለፈው ወር ከተቀበልነው አንድ ሕመምተኛ ቢሆንም ለእርሱ ብቻ የሚቀር አይመስለኝም።

ወጣቱ 19 ዓመቱ ነው። ገብስ አጨዳ ላይ ሳለ ትኩሳት፣ ሳልና ብርቱ የጡንቻ ሕመም ያዘውና አምስት ቀን ቤቱ ተኛ። በስድስተኛው ቀን ትኩሳቱ ቀለል ሲልለት ደረቱን ይወጋው፣ ልቡም ያለ ልክ ይመታበት ጀመር፤ ዘመዶቹ በቃሬዛ ተሸክመው እስከ መኪናው መንገድ አወጡትና ወደ እኛ መጣ። ኢሲጂው (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራው) ፈጣን የልብ ምትና ቁርጥ ያለ ፍቺ ያልሰጠናቸው ጥቂት የሞገድ ለውጦች አሳየ። የኬሚስትሪ ማሽናችን ሲኬውን፣ ማለት ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚወጣውን ኢንዛይም፣ ከጤነኛ ሰው ጣሪያ በብዙ እጥፍ አስበልጦ አወጣው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የልብ ጡንቻ ፕሮቲን የሆነውን ትሮፖኒንን በሚፈልግ ፈጣን መመርመሪያ ካሴት ስንመረምረው የመቆጣጠሪያው መስመር ብቻ ታየ፤ ይኸውም «የለም» ማለት ነው። ወደ ማታ 11 ሰዓት ላይ ስንደግመው ግን በመመርመሪያው መስመር ቦታ፣ ትክ ብለው ካላዩዋት የማትታይ፣ ደብዛዛ መስመር ወጣች።

ስለዚያች መስመር ሦስታችን ሦስት ዓይነት ተናገርን። አንዱ የሥራ ባልደረባዬ ይህን ያህል የደበዘዘ መስመር እንደሌለ ይቆጠራል አለ፤ ተረኛው ሐኪም የልብ ደም ሥር መዘጋት እንዳይሆን ሠጋ፤ እኔ ደግሞ ሲኬው እንዲያ ከፍ ካለ ነገሩ ሁሉ ከልቡ ነው ብዬ ደመደምሁ። ታርማበር ላይ ጭጋጉ ከብዶ ስለ ነበር አምቡላንሱ በሌሊት አልወጣም፤ ሲነጋ ወደ ደብረ ብርሃን ላክነው።

ልጠይቅ የምፈልገው እንዲህ ነው። የጠዋቱና የማታው ውጤት መለያየት የካሴቱ ስሕተት ነው ወይስ የበሽታው መልእክት? በኢንፍሉዌንዛም ሆነ በሌላ ቫይረስ ታምሞ የሚመጣውን ሁሉ ለትሮፖኒን መመርመር ይገባናል? ደግሞም እንደ ስኳር መለኪያው በእጅ የሚያዙ፣ ከጣት በሚወሰድ አንድ ጠብታ ደም የልብ ጉዳትን በቁጥር የሚናገሩ ባዮሴንሰሮች እየተሠሩ ነው ይባላል፤ እነዚህ ለእኛ ዓይነቱ ቦታ ይደርሳሉን?

መልስ፦ የውስጥ ደዌ ሐኪም (ደብረ ብርሃን)

ዘመንዝ፣ ጉዳዩን ከነሰዓቱ ስላቀረቡልን አመሰግናለሁ፤ ብዙ የሪፈር ወረቀቶች «ትሮፖኒን ፖዘቲቭ» ከሚል አንድ መስመር በቀር የሚነግሩን ነገር የላቸውም። የእርስዎ ጥያቄ ግማሽ መልሱን በውስጡ ይዟል፤ ደሙ ሁለት ጊዜ መወሰዱ ነውና።

ካሴቱ አልተሳሳተም። ትሮፖኒን የልብ ጡንቻ ሕዋስ ለመኮማተር ከሚጠቀምባቸው ፕሮቲኖች አንዱ ነው፤ በአዋቂ ሰው ትሮፖኒን አይ የተባለው የልቡ ዓይነት ከልብ በቀር በሌላ ጡንቻ ውስጥ አይገኝም። ሕዋሱ ሲጎዳ ወደ ደም ይፈስሳል፤ በተለመዱት መመርመሪያዎች የሚታየው ጉዳቱ ከጀመረ ከ3 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀናት ከፍ ብሎ ይቆያል። እናንተ የያዛችሁት ዓይነት ካሴት ደግሞ መስመር የሚያወጣው ትሮፖኒኑ ብዙውን ጊዜ በሚሊ ሊትር 0.5 ናኖግራም ገደማ ሲደርስ ነው። ይህን በሊትር ብናሰላው 500 ናኖግራም ይሆናል። በትልልቅ ላቦራቶሪዎች ያሉት ከፍተኛ ትብነት ያላቸው (እጅግ ጥቂቱን እንኳ የሚለዩ) ማሽኖች ከጥቂት ናኖግራም ጀምረው ይለካሉ፤ ለሌላው የልብ ዓይነት ለትሮፖኒን ቲ የጤነኛው ጣሪያ በሊትር 14 ናኖግራም ነው፣ የትሮፖኒን አይ ጣሪያ እንደ አምራቹና እንደ ፆታው ቢለያይም ከጥቂት አሥሮች አያልፍም። እንግዲህ በዚያ ጣሪያና በ500 መካከል ያለው ጉዳት ሁሉ ለካሴታችሁ «የለም» ነው። ጠዋት ልጁ ጤነኛ ነበር ማለት አይደለም፤ ካሴቱ ሊያየው ከሚችለው በታች ነበር እንጂ። በንባብ ሰዓቱ ውስጥ የወጣች መስመር ደግሞ የቱንም ያህል ብትደበዝዝ እንደ አለች ትቆጠራለች። ሰዓቱ ካለፈ በኋላ የምትወጣውን ግን አትመኗት።

አሁን ወደ ሐኪሙ ሥጋት ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ2018 በዓለም አቀፍ ደረጃ የታተመው አራተኛው የልብ ድንገተኛ ጥቃት ትርጓሜ ሁለት ነገሮችን ይለያል፤ ትሮፖኒን ከጤነኞች 99ኛ መቶኛ ጣሪያ (ከ100 ጤነኞች 99ኙ ከማያልፉት መጠን) በላይ መሆኑ «የልብ ጡንቻ ጉዳት» ይባላል፤ ጉዳቱ እንደ ደም ሥር መዘጋት ካለ የደም እጥረት የመጣ የልብ ጥቃት ነው ለማለት ግን የሕመም ምልክት፣ የኢሲጂ ለውጥ ወይም የምስል ማስረጃ ያስፈልጋል። ትሮፖኒን ጉዳት መኖሩን ይናገራል፣ ማን እንዳደረሰው አይናገርም። በቫይረስ ሕመም ጊዜ ልብ የሚጎዳበት መንገድ አንድ አይደለም። እንደ ኮክሳኪ ቢ ያለው ቫይረስ ራሱ ወደ ጡንቻው ሕዋስ ይገባል፤ ቫይረሱን ሊያጠፋ የዘመተው የሰውነታችን መከላከያ ከጠላቱ ጋር ጡንቻውንም ሊያቆስል ይችላል፤ ሳንባ ሲታመም ኦክስጅን ይቀንሳል፣ ትኩሳትና ፈጣን ምት ደግሞ የልብን ፍላጎት ይጨምራሉ፣ በዚህ አለመመጣጠንም ጡንቻው ይጎዳል፤ በኮቪድ-19 እንዳየነው ጥቃቅን የደም መርጋትም አለ። የኩላሊት ሕመምና በደም ውስጥ የተሠራጨ ኢንፌክሽንም ትሮፖኒንን ከፍ ያደርጋሉ።

በሲኬው ግን ልቃወምዎ። ኢንፍሉዌንዛ የእግርና የጀርባ ጡንቻን ሲያስቆጣ ሲኬ ከዚያው ከተራው ጡንቻ ይወጣል፤ ልጁ ከልቡ ሕመም በፊት ብርቱ የጡንቻ ሕመም እንደ ነበረበት እርስዎ ራስዎ ጽፈዋል፤ ገብስ ሲያጭድ የሰነበተ መሆኑንም አንርሳ። ሲኬ-ኤምቢ የተባለው ክፍልም በመጠኑ በተራ ጡንቻ ውስጥ ስለሚገኝ ከዚህ ስሕተት አያድንም። በዚያ ልጅ ላይ ልብን የሚመሰክረው ትሮፖኒን ብቻ ነበር።

ሁሉን መመርመር ይገባል ወይ ላሉት፣ አይገባም እላለሁ። እንበልና ጉንፋን ያለባቸውን 1,000 ሰዎች መረመርን፣ ከእነርሱ 10ሩ ብቻ የልብ ጉዳት አላቸው፣ መመርመሪያው ደግሞ ከጤነኞቹ 95 በመቶውን በትክክል «የለባቸውም» ይላል፤ ወደ 50 የሚጠጉ ጤነኞች ያለ ጥፋታቸው ወደ ደብረ ብርሃን ይጫናሉ ማለት ነው። የሚመረመረው ደረቱን የሚወጋው፣ ራሱን የሳተ፣ ከሳሉ ልክ በላይ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ የደም ግፊቱ የወረደ ወይም ትኩሳቱ ከበረደ በኋላም ልቡ ያለ ምክንያት የሚሮጥበት ሰው ነው። በተኙ ሕሙማን ላይ ግን ትሮፖኒን ስለ ወደፊቱም ይናገራል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ከውሃን በወጣ ጥናት በኮቪድ-19 ከተኙ 416 ሕሙማን 82ቱ የልብ ጉዳት ምልክት ነበራቸው፣ ከእነዚህ 51.2 በመቶው ሲሞቱ ምልክቱ ከሌላቸው የሞቱት 4.5 በመቶ ነበሩ።

«የለም» የሚለው መልስም ለብቻው አያረጋጋም። እ.ኤ.አ. በ1997 በታተመ አንድ ጥናት የልብ ጡንቻ መቆጣት ካለባቸው 53 ሰዎች ትሮፖኒን አይ ከፍ ብሎ የተገኘው በ18ቱ ብቻ ነበር፤ በአብዛኛውም ሕመማቸው ከጀመረ ከአንድ ወር ባልበለጣቸው። ሲኬ-ኤምቢ ደግሞ በሦስቱ ብቻ። ስለዚህ ኢሲጂና የሚቻል ከሆነ የልብ አልትራሳውንድ ከደሙ ጋር አብረው መታየት አለባቸው።

በነገራችን ላይ በአካባቢያችን ብዙ ሰው በልጅነቱ ካመመው ጉሮሮ የተነሣ የልብ በር ሕመም ይዞ ይኖራል፤ ያ የሚመጣው ከባክቴሪያ እንጂ ከቫይረስ አይደለም። እንዲህ ያለው ሰው ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ የተባለው የደም ጠቋሚ ቢለካለት ጉንፋን ሳይዘውም ከፍ ብሎ ሊገኝ ይችላል፤ ይህ ጠቋሚ የሚናገረው የልብ ክፍሎች መወጠራቸውን እንጂ የሕዋስ መጎዳትን አይደለምና። ከ300 ፒኮግራም በሚሊ ሊትር በታች ሲሆን ድንገተኛ የልብ ድካምን ለማስወገድ ግን እጅግ ይረዳል።

መልስ፦ ቀወት (የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ሸዋ ሮቢት አካባቢ)

ዶክተር የበሽታውን ነገር ስላብራሩት እኔ ስለ ካሴቱ ልናገር። የመንዝ ሰው የብርድ ጣጣ ሲያይ እኛ ቆላ የምንኖረው የሙቀቱን እናያለን። አብዛኞቹ ካሴቶች ከ2 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት እንዲቀመጡ በማሸጊያቸው ላይ ተጽፏል፤ በእኛ ሰፈር በበጋ እኩለ ቀን ላይ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው መጋዘን ውስጥ 30 ዲግሪ ምኞት ነው። ቀድሞ በሠራሁበት አንድ ተቋም የካሴት ካርቶን በመስኮት አጠገብ ወራት ከርሞ ከዚያ በኋላ የምንሠራው ሁሉ «የለም» ይል ጀመር፤ የመቆጣጠሪያው መስመር ይወጣ ስለ ነበር ማንም አልጠረጠረም። የመቆጣጠሪያው መስመር ፈሳሹ መሄዱንና ቀለሙ መያዙን እንጂ በመመርመሪያው መስመር ላይ ትሮፖኒኑን የሚይዘው ፀረ እንግዳ አካል ጤነኛ መሆኑን አይነግረንም። አዲስ ካርቶን ስትከፍቱ ትሮፖኒን ያለበት መሆኑ ከታወቀ ናሙና ጥቂት ጠብታ ብትሞክሩበት ከብዙ ጸጸት ትድናላችሁ።

የመንዙ ወንድሜ ደግሞ የተገላቢጦሹን ይጠንቀቅ፤ ካሴቱ ከፍሪጅ ወጥቶ ወዲያው ቢሠራ፣ ወይም ክፍሉ ራሱ እንደ ፍሪጅ ከቀዘቀዘ፣ ፈሳሹ ይንቀራፈፋል፣ መስመሩም ይዘገያል። ካሴቱም ናሙናውም የክፍሉን ሙቀት እስኪያገኙ ጠብቁ፣ ክፍሉንም አሙቁ። ጠዋት በሴረም (ከረጋ ደም ተለይቶ በሚወጣው ፈሳሽ)፣ ማታ በሙሉ ደም አትሥሩ፤ የናሙናው ዓይነት ከተለወጠ ልዩነቱ ከበሽታው ይሁን ከናሙናው ማወቅ አይቻልም። የደም ሕዋሳቱ ፈርሰው ሴረሙ ቀይ ሆኖ የተበላሸ ከሆነም አስጥሉትና ዳግመኛ ይቀዳ። ማሽን ባለበት ቦታም ቢሆን በደማቸው ውስጥ ከመመርመሪያው ጋር የሚጣበቅ እንግዳ ፀረ እንግዳ አካል ያላቸው ሰዎች ሐሰተኛ «አለ» ያመጣሉ፤ ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ በብዛት የሚዋጠው ባዮቲን የተባለ ቪታሚንም አንዳንድ መመርመሪያዎችን ያሳስታል። መንዝ ላይ ባዮቲን የሚውጥ ይኖራል ብዬ ባልጠረጥርም ከአዲስ አበባ ለበዓል የመጣ ዘመድ ሊኖር ይችላል።

መልስ፦ ጠብታ (የኤሌክትሮኬሚስትሪ ተመራማሪ)

ወደ ሦስተኛው ጥያቄ ልሂድ፤ የምሠራውም በዚሁ ነው።

ባዮሴንሰር ሁለት ነገሮች የተጋቡበት መሣሪያ ነው፦ የሚፈለገውን ሞለኪውል መርጦ የሚይዝ ሕያው ወይም ሕያው መሰል አካል፣ እና ያ መያዙን ወደ ኤሌክትሪክ፣ ወደ ብርሃን ወይም ወደ ሌላ የሚለካ ምልክት የሚለውጥ ክፍል። ሁላችሁም የምታውቁት የስኳር መለኪያ የዚህ በኩር ነው፤ ሌላንድ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1962 ኢንዛይምን ከኤሌክትሮድ ጋር የማዋሐድን ሐሳብ ካቀረበ ወዲህ የመጣ። ታዲያ ስኳር በአንድ ጠብታ ደም ይለካል፣ ትሮፖኒንስ ለምን አይለካም? መልሱ በብዛታቸው ላይ ነው። ጤነኛ ሰው በሊትር 5 ሚሊሞል ገደማ ስኳር አለው፤ በ20 ናኖግራም በሊትር ያለ ትሮፖኒን አይ ግን ከአንድ ፒኮሞል በታች ነው። በቁጥር ስኳሩ ስድስት ቢሊዮን ያህል እጥፍ ይበልጠዋል። የመንዝ ሰው እንዲገባው፣ በአውድማ ገብስ ውስጥ የወደቀችን አንዲት የጤፍ ፍሬ መፈለግ እንኳ ከዚህ ይቀላል። ለስኳር የሚሠራው ኢንዛይም ደግሞ ስኳሩን ያለማቋረጥ እያቃጠለ ምልክቱን ሲያበዛ፣ ትሮፖኒንን የሚይዘው ፀረ እንግዳ አካል አንዱን ይዞ ዝም ይላል።

ስለዚህ የምልክቱን ድምፅ ማጉላት የእኛ ሥራ ነው። አንዱ መንገድ በወርቅ በተለበጠ ኤሌክትሮድ ላይ ፀረ እንግዳ አካሉን መትከል ነው፤ ትሮፖኒኑ ሲያዝ በኤሌክትሮዱ ፊት እንደ አጥር ይቆምና የኤሌክትሮኖችን መመላለስ ይከለክላል፣ እኛም ያንን መከላከል እንለካለን። ሌላው መንገድ ሁለተኛ ፀረ እንግዳ አካል በኢንዛይም ወይም በወርቅ ናኖ ቅንጣት አስታጥቆ በላዩ መጨመር ነው፤ ምልክቱ ይበረታል፣ እጥበቱና ጊዜው ግን ይጨምራል። በፀረ እንግዳ አካል ፈንታ አፕታመር የሚባሉ አጫጭር የዲኤንኤ ቁራጮችም ይሞከራሉ፤ ሙቀትን በመቋቋም ስለሚሻሉ ለቀወት ሰው ተስፋ ናቸው። ግራፊን ከተባለ እጅግ ስስ የካርቦን ንጣፍ የሚሠሩት ትራንዚስተር መሰል ሴንሰሮች ደግሞ ምንም ምልክት ሳይጨመርባቸው የፕሮቲኑን ኤሌክትሪካዊ ሙሌት በቀጥታ ያዳምጣሉ ይባላል፤ ነገር ግን በደም ውስጥ ያለው ጨው ያን ሙሌት ከ1 ናኖሜትር ባነሰ ርቀት ውስጥ ይሸፍነዋል፣ ፀረ እንግዳ አካሉ ግን ብቻውን 10 ናኖሜትር ገደማ ይረዝማል። እንግዲህ ፕሮቲኑ የሚያዘው ከጆሮው ውጭ ነው። ከዚህ ችግር ለመውጣት ደሙን ያቀጥኑታል፣ ሲያቀጥኑትም ያችኑ ጥቂት ትሮፖኒን ያሳንሷታል።

በምርምር ጽሑፎች ላይ «ከፌምቶግራም በታች ለየን» የሚል ስታነቡ ናሙናው ምን እንደ ነበር ተመልከቱ። ብዙውን ጊዜ ንጹሕ የጨው ውኃ ላይ የተጨመረ ንጹሕ ትሮፖኒን ነው። በእውነተኛ ደም ውስጥ አልቡሚንና ሌሎች ፕሮቲኖች ኤሌክትሮዱን እንደ ጥቀርሻ ይለብሱታል፤ ትሮፖኒን አይም ራሱን ችሎ ሳይሆን ከሌላው የትሮፖኒን ዓይነት ከትሮፖኒን ሲ ጋር ተጣምሮና ከሁለቱ ጫፎቹ ተቆራርሶ ነው የሚዞረው፣ ስለዚህ ፀረ እንግዳ አካሉ የማይቆረጠውን መካከለኛ ክፍል ካልያዘ ያመልጠዋል። ለእኔ የመለየት ወሰኑ ትንሽነት ብዙም አያስደንቀኝም፤ የምጠይቀው ያው ሴንሰር በሙሉ ደም፣ በሁለት የተለያዩ ቀናት፣ በሁለት ሰዎች እጅ አንድ ቁጥር ይሰጣል ወይ የሚለውን ነው። ከፍተኛ ትብነት አለው ለመባል መመርመሪያው በ99ኛው መቶኛ ጣሪያ ላይ ልዩነቱ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ከጤነኞችም ቢያንስ በግማሾቹ ትሮፖኒኑን ማግኘት እንዲችል ይጠየቃልና።

በአንድ ቺፕ ትሮፖኒንን፣ ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒንና የብግነት ጠቋሚ የሆነውን ሲአርፒን አንድ ላይ ለመለካት የሚደረገው ሙከራ ለቫይረስ ሕሙማን ይጠቅማል፤ ጉዳቱን፣ መወጠሩንና ብግነቱን በአንድ ጊዜ ያሳያል። ችግሩ ሲአርፒ በሚሊግራም፣ ትሮፖኒን በናኖግራም መለካታቸው ነው፤ ሚሊዮን እጥፍ ይራራቃሉ፤ ለአንዱ የሚበቃው ማቅጠን ሌላውን ያጠፋዋል።

እስከዚያው ግን በባትሪ የሚሠሩ፣ ካሴትን በዓይን ፈንታ በብርሃን አንብበው ቁጥር የሚሰጡ አነስተኛ አንባቢዎች አሉ። እነርሱም የትልቁን ማሽን ትብነት አይደርሱም፤ ቢሆንም ደብዛዛዋን መስመር ከሦስት ሰው ክርክር አውጥተው ቁጥር ያደርጓታል።

ዘመንዝ (ጠያቂው)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ ሲኬው የተሰጠኝን እርማት ተቀብያለሁ፤ ጡንቻውን የታመመ አጫጅ መሆኑን እያየሁ አለማየቴ ነው። ወጣቱ ተመልሶ መጥቷል። በአልትራሳውንዱ የልቡ መኮማተር በመጠኑ ቀንሶ እንደ ተገኘና የልብ ጡንቻ መቆጣት እንደ ተባለ ወረቀቱ ይናገራል። አሁን ደኅና ነኝ እያለ ወደ ነዶ ተሸካሚነቱ ሊመለስ ነው፤ አባቱም ውቂያው ደርሷል ይላሉ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ አንድ ካሴት ብቻ ሲኖረን መቼ እንሥራው? ሁለት ካለንስ በስንት ሰዓት ልዩነት?

የውስጥ ደዌ ሐኪም (ደብረ ብርሃን)

ነዶውን ሌላ ሰው ይሸከምለት። ከልብ ጡንቻ መቆጣት በኋላ ከ3 እስከ 6 ወር ከብርቱ ድካም መራቅ የሚመከረው ሕመሙ ሲሻል ልብ ውስጥ የቀረው ቁስል በሥራ መካከል የምት መዛባት ሊያመጣ ስለሚችል ነው። ለአንድ የመንዝ ገበሬ ልጅ ይህን ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ አባቱን ለብቻቸው ጠርታችሁ፣ ልጁ በሌለበት፣ ይህ ስንፍና እንዳልሆነ ብትነግሯቸው ይሻላል። ለሕመሙ ኢቡፕሮፌንና መሰሎቹን ከመድኃኒት ቤት በራሱ እየገዛ እንዳይወስድም አስጠንቅቁት።

ካሴት አንድ ብቻ ከሆነ የደረቱ ሕመም ከጀመረ ቢያንስ 6 ሰዓት ያለፈው ሰው ላይ ሥሩት፤ ከዚያ በፊት የሚሠራ ካሴት «የለም» ቢል ትርጉሙ አነስተኛ ነው። ሁለት ካሉ አንዱን ሲመጣ፣ ሁለተኛውን ከ6 ሰዓት በኋላ። ቁጥር የሚሰጥ አንባቢ ካገኛችሁ፣ መነሻው አስቀድሞ ከፍ ያለ ሰው ላይ ከ20 በመቶ በላይ ለውጥ አዲስ ጉዳት መኖሩን ያመለክታል፤ ለውጡ ከሌለ ቀድሞ የነበረ የልብ ወይም የኩላሊት ችግር አስቡ። ሕመምተኛው ራሱን ከሳተ፣ ግፊቱ ከወረደ ወይም ኢሲጂው በግልጽ ከተለወጠ ግን ካሴቱን አትጠብቁ፤ ጭጋጉ እንደ ገለጠ ይውጣ።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ ከፍታችን። መሐል ሜዳና አካባቢዋ ከ3,000 ሜትር በላይ ናቸው፤ የጣት ኦክስጅን መለኪያው በቆላ ለተጻፈ መመሪያ ዝቅ ያለ የሚመስል ቁጥር በጤነኛ ሰው ላይም ያሳያል። ስለዚህ በአጠገቡ ያለውን ጤነኛ ወንድሙን ለኩና ከእርሱ ጋር አመዛዝኑት፤ ልዩነቱ ነው የሚናገረው።

ዘመንዝ (ጠያቂው)

አባቱን ነገ ገበያ ላይ አገኛቸዋለሁ። ከዛሬ ጀምሮም በሪፈር ወረቀቱ ላይ «ፖዘቲቭ» ከማለት ይልቅ ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት፣ ደሙ የተቀዳባቸውን ሁለት ሰዓታት፣ የናሙናውን ዓይነትና የካሴቱን የምርት ቁጥር እንጽፋለን።